የሳል ሹም

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «የኛ ነው»፣ «የለም የነሱ ነው» ተባብላችሁ ትጣላላችሁ፤ እኔም የጀመርኩትን ሳልጨርስ ጀንበር ትጠልቅብኛለች። ይልቅ አርፋችሁ ስሙ። በዚያ አገር ሰው ሞትን እምብዛም አይፈራም ነበር። የሚፈራው ተሸካሚ ማጣትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር እያንዳንዱ ወረዳ በገመድ ይከበባል። አጥር እንዳይመስላችሁ፤ ጫጩት የምትሻገረው፣ መሬት ላይ የተጋደመ የቃጫ ገመድ ነው። ግን ከገመዱ ውስጥ ያለ ሰው ከጉድጓዱ ውኃ ይቀዳል፣ ሸንጎ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ የሞተ ዕለትም ገመድተኞቹ ተሸክመው ከዋርካው ሥር፣ ከወገኖቹ ጎን ያሳርፉታል። ከገመዱ የወጣ ግን የሜዳ ሰው ነው። ገመድተኛ ለሜዳ ሰው አያለቅስም፤ ሬሳውን አይሸከምም፤ ለቅሶ አይደርስም። ይህን የጣሰ እሱም ሜዳ ይወጣል።

ገመዱ በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ ይዘረጋል። የሚዘረጉት አባ ገመድ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዘመድና ባዳ እንዳይለዩ ዓይናቸውን በነጭ ሻሽ ይታሰራሉ፤ የገመዱን ጫፍ ይዘው በየደጁ ይሄዳሉ፤ ጎበዛዝት ከኋላ እየተከተሉ ገመዱን ይለቁላቸዋል። በጥንቱ ሥርዓት አባወራው ደጁ ላይ ቆሞ «እህህ!» ብሎ ይስላል። አለሁ ማለቱ ነው። አባ ገመድ ሳሉን ሲሰሙ ቤቱን ወደ ውስጥ አድርገው ያልፋሉ። ትናንት የመጣ እንግዳም ቢሆን ከሳለ ገባ። ደግ ሥርዓት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ደግ ነገር አይበረክትም።

ደምለው የዚያ ወረዳ ሰው ነው። ገብስ የሚያርስ፣ ንብ የሚያነብ፣ ሳይጸልይ ውኃ የማይቀምስ፣ ቃሉን የማያጥፍ። ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አንደበቱ ደግሞ የተባረከ ነው፤ እሱ ሲናገር ሽማግሌዎች ጢማቸውን እያሻሹ «ልጅስ እሱን ነው» ይሉ ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። አንድ ልጅ ወልደው ገና ድክ ድክ ሲል ሞተባቸውና ከዋርካው ሥር ተኝቷል። ያን ዕለት ሕፃኑን አጥባ የገነዘችው፣ አንጓችንም ከመሬት አንሥታ እህል ያቀመሰቻት ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ዘርትሁን ነች፤ ባል የሞተባት፣ አፏ ቁጥብ፣ እጇ ፈጣን ሴት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? አንጓች ከዚያ ወዲህ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስሞት ከልጄ ጎን አስተኙኝ» ትላለች፤ ሌላ ልመና አታውቅም።

ታዲያ አንድ ዘመን ማዶ ያለውን አገር ድርቅ መታው። ሰዉ ጓዙን ተሸክሞ መጣ፤ ጎጆ ቀለሰ፤ የገመድ ቀን ሲደርስ ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ። ገመዱ ረዘመ። ጉድጓዱ ጋ ወረፋ ሆነ፣ በእንስራ መጋጨት መጣ፣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ይሄኔ ደምለው ሸንጎ ላይ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣» አለ፣ «እኔ የማንም ጠላት አይደለሁም። ግን አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚስሉት? ይህ ከኛ ደረት የወጣ ሳል ነው? ጆሮ ያለው ይፍረድ!»

እናንተዬ፣ ሸንጎው በእልልታ ተቀወጠ! እስከዚያች ቀን ድረስ ሳል የወገንና የባዳ ተብሎ ይለያል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ሁሉም የጎረቤቱን ጉሮሮ ማዳመጥ ያዘ። ለደምለውም ከዚያ በፊት ያልነበረ ሹመት ተፈጠረለት፤ የሳል ሹም ተባለ።

ገበያው መግቢያ ላይ ወንበር ተደርጎለት ተቀመጠ። ሰው ተሰልፎ በየተራው ይስላል። ደምለው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። «ይህ የአባት ሳል ነው፤ እለፍ።» «ይህ የተኮረጀ ነው፤ ወዲያ ቁም።» «አንተ ደግሞ እስቲ ድገመው፤ መጨረሻው ላይ የማዶ ቃና አለበት።» አንድ ምስኪን በፍርሃት ጉሮሮው ደርቆ ምንም ድምፅ ቢያጣ፣ «የሚደብቀው ነገር ባይኖር ኖሮ ይስል ነበር» ተብሎ ወጣ። መጀመሪያ መጤዎቹ ወጡ። ቀጥሎ ለመጤዎቹ ያዘኑት ሁሉ ሳላቸው ተበላሽቶ ተገኘ። ከዚያማ ሸንጎ ላይ ከደምለው ጋር የተከራከረ ሁሉ ከማዶ አያት ተገኘለት። ወይ ጊዜ!

ገመዱ እያጠረ ሲሄድ ሰው እንዳይደነግጥ ደግሞ ሌላ ሹም ተሾመ። የእንደነበረ ሹም ይሉታል፤ ገሠሠ የሚባል፣ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሚያስተጋባ ሰው ነው። ሥራው ገመዱ በተዘረጋ ማግስት አደባባይ ቆሞ «ገመዱ አልጠበበም፤ ድሮ ወደነበረበት ተመለሰ!» ማለት ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ «ድሮ መቼ?» ብለው ቢጠይቁ ሳላቸው እንደገና ይመርመር ተባለ። በሸንጎው ጓዳ የተጠቀለለው ገመድ ውጭ ከተዘረጋው በለጠ፤ ያየ አይቶ ዝም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ደምለው ደረጃ በደረጃ ወጣ። የጉድጓድ ዳኛ ሆነ፣ የሸንጎ አፍ ሆነ፣ በመጨረሻም የሸንጎ ራስ ሆነ። የሳል ሹምነቱንም አልለቀቀም፤ ደርቦ ያዘው። ራስ በሆነ ጊዜ ያወጣት ሕግ ናት እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣችው። ሰዉ ሳል መኮረጅ ተምሮ ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሲነጋ እያስነሡ የአባት ሳል ያስጠኑ ነበር። ይህን የሰማ ደምለው ደነገገ። ከእንግዲህ በገመድ ቀን ማንም አይስልም። የጸዳው ቤት ይታወቃል፤ በየጸዳው ቤት ደጅ የሳል ሹም ስለ ባለቤቱ ሆኖ ይስላል። ከውስጡ ሳል የተሰማ ቤት ግን የአባ ገመድን እጅ ሊያሳስት ያሰበ ነውና ሜዳ ይወጣል። በገመድ ቀን ከቤቱ የታጣ ሰውም እንደሌለ ይቆጠራል። አለቀ።

ሕጉ በወጣ በመጀመሪያው የገመድ ቀን ትክትክ የያዘው አንድ ሕፃን ሳለ። እናቱ እየሮጠች ወጥታ ደምለው እግር ላይ ወደቀች። «ሕፃን ነው ጌታዬ! ትክትክ ነው፣ አያውቅም!» አለች። ደምለው ፊቱ ጠቆረ፤ አልወደደውም፣ ሐቁን እንናገር። ግን «ሕግ ዕድሜ አይጠይቅም» አለና ገመዱ ዞረ። ሕፃኑ ሜዳ ላይ ሞተ። እናቱ ብቻዋን ታቅፋ ወስዳ ቀበረችው ተባለ። ያን ማታ አንጓች ለባሏ ራት አቀረበችለት፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። እሱም ለምን አላላትም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በክረምት አንጓችን ደረቷን ያዛት። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ቆየና ሳሉ ከሥር እየነቀለ የሚያስጎነብሳት ሆነ። ዘርትሁን ማር በዝንጅብል እያፈላች፣ ጤና አዳም እያሸተተቻት፣ ጀርባዋን እያሸች አብራት ዋለች። አልተሻላትም። የገመድ ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው።

«ደምለው፣» አለችው አንድ ጠዋት፣ ወደ ሸንጎ ሊሄድ ጋቢውን ሲያጣፋ። «አንዲት ቃል አስገባልኝ። ‹የታመመ ይማራል› በል። ሌላ አልጠይቅህም።»

«አንጉዬ፣ ዛሬ ለሚስቴ በሩን ብከፍት እኮ ነገ አገሩ ሁሉ በሽተኛ ነው።»

«አገሩማ በሽተኛ ነው! ጆሮ እንጂ ደረት የሌለው አገር አደረጋችሁት።»

«ያቺን የሕፃኑን እናት ምን ልላት ነው ታዲያ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ በላታ! ምን ይገድልሃል?»

ደምለው ጋቢውን አጣፍቶ ጨረሰ። ሊገድለው ይችል ነበር፣ እሱ እንዳሰበው። ይህን ቃል ከአፉ ያወጣ ዕለት «የሸንጎው ራስ ለሰለሰ» ብለው ወንበሩን የሚቀራመቱት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ በስም ያውቃቸዋል። ለስላሳ ሹም ደግሞ በዚያ አገር ከሞተ ሹም ያንሳል።

«እኔስ?» አለች አንጓች። «ሜዳ ላይ ልቀር ነው? ልጄ ብቻውን ሊተኛ ነው?»

«አትቀሪም! እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል? ከልጃችን ጎን ነሽ፤ በአባቴ አጥንት እምልልሻለሁ።»

ማለ። ከልቡም ነበር። ከሸንጎ ተመልሶ የቤቱን መስኮቶች በጋቢና በስልቻ ጠቀጠቃቸው፤ በሩን በጆንያ ሸፈነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? የአገር ራስ በገዛ ቤቱ ውስጥ ሳል ሊሸሽግ ላይ ታች ሲል አይቶ ያልሳቀ፣ ሳቁንም መልሶ ያልዋጠ ጎረቤት የለም።

የገመድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበር። ዘርትሁን የራሷን ቤት ዘግታ መጥታ ከአንጓች ጋር ተቀመጠች። ቤታቸው ግድግዳ ስለሚጋራ ከአንዱ ተገኝቶ መዋል እንደ መታጣት አይቆጠርም፣ ሕጉም ይህን አይከለክልም ነበር። ነጠላዋን አጣጥፋ አንጓች አፍ ላይ ያዘችላት። ውጭ አባ ገመድ ዓይናቸውን ታስረው ገመዱን እየሳቡ መጡ፤ ደምለው ከኋላቸው፣ ገሠሠ ከደምለው ኋላ፣ ከዚያ ሕዝቡ። በየጸዳው ቤት ደጅ ደምለው «እህህ» ይላል፤ ገመዱ ቤቱን አቅፎ ያልፋል። እግር እንኳ ኮሽ አይልም።

ሁለቱ ቤቶች ፊት ደረሱ። ደምለው ለመሳል አፉን ከፈተ። ከውስጥ ቀደመችው።

ሳሏ ጋቢውን፣ ስልቻውን፣ ጆንያውን ሁሉ አልፎ ወጣ። የታመቀ ሳል ነውና አንዴ ከወጣ አላባራም፤ ሰዉ ቆሞ አዳመጠው። ሚስትየዋን በቡሄው በሠርጉ የሚያውቃት፣ ጠበል ጠዲቅ አብሯት የቀመሰ ሕዝብ ነው። የማን ሳል እንደሆነ ያልለየ ጆሮ አልነበረም። አባ ገመድ ቆሙ።

«ሳል ሰማሁ፣» አሉ። «የሳል ሹም፣ ከየትኛው ቤት ነው?»

ገሠሠ ጉሮሮውን ሊጠርግ ፈልጎ ሕጉ ትዝ ሲለው ተወው። ደምለው ቀኝ ቤቱን አየ፣ የራሱ ነው። ግራውን አየ፣ የዘርትሁን ነው። ከዋርካው ሥር የተኛው ልጁ ትዝ አለው፤ ወንበሩም ትዝ አለው። የትኛው እንደቀደመ ፈጣሪ ይወቅ።

«ከግራው ቤት ነው» አለ።

«ልጄ፣ እስቲ ደግመህ አስብ» አሉ አባ ገመድ።

«ከግራው ነው አልኩዎ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ግራው ቤት እኮ ሰው የለበትም! በሩ ከውጭ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል። ያ ሁሉ ሕዝብ የተዘጋውን በር እያየ፣ ሳሉንም ከቀኝ እየሰማ፣ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ በሕግ!» አላለም። አባ ገመድ በረጅሙ ተነፈሱና በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ በጋራው ግድግዳ ሥር፣ ገመዱን ይዘው አለፉ። ደምለውም በቀኙ ቤት ደጅ ስለ ራሱ ሳለ። እንደ ወጉ አሳምሮ ሳለ።

ዘርትሁን ሁሉንም ከውስጥ ሰምታለች። የሜዳ ሰው ከገመዱ ውስጥ መገኘት የለበትምና ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። በሩ ላይ ከደምለው ጋር ተገጣጠሙ። ትሰድበኛለች፣ ፊቴ ላይ ትተፋለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ያም ቢሆን ይቀለው ነበር።

«ጋሼ ደምለው፣» አለችው፣ «ውኃ ስትጠጣ ለብ አድርጉላት። ቀዝቃዛው ያስነሣባታል።»

ይህን ብላ ገመዱን ተራምዳ ወጣች። ደምለው ወደ ውስጥ ሲገባ አንጓች ከአልጋ ወርዳ መቀነቷን ስትታጠቅ አገኛት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የሳልኩት እኔ ነኝ። አገር ምድሩ ሰምቷል።»

«አንጓች! ላንቺ ብዬ እኮ ነው! ከልጃችን ጎን እንድትተኚ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ፣» አለች ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ። «ለኔ ብለህ ነው። ልጄን ያጠበችልኝን ሴት አውጥተህ ነዋ! እኔ ልጄ ጋ በሰው ጫንቃ ተረማምጄ አልሄድም። ምን ብዬ ጎኑ እተኛለሁ? ማን አመጣሽ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

«ሙት አይጠይቅም፣ አንጉዬ።»

«አዬ! ያንተ ነገር እኮ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።»

እጇን ያዛት። ለማስቀረት ቢፈልግ ጉልበት ነበረው፤ ግን ደጅ ሕዝብ አለ። ለቀቃት። እየተንገዳገደች ወጣች፤ ገመዱ ጋ ስትደርስ እግሯን ማንሣት አቃታት። ዘርትሁን ከወዲያ እጇን ዘረጋችላት፣ ደግፋም አሻገረቻት። በግራው ቤት አልጋ ላይ ገደም አለችና እንደ ልቧ ሳለች። ዘርትሁን አፏን አልያዘችም።

ከዚያ በኋላ ደምለው በጋራው ግድግዳ በኩል ሳሏን እየሰማ ይውል ነበር። ጠዋት ጠዋት ገመዱ ጋ መጥቶ ይቆማል። «እንዴት አደርሽ?» ይላል። «እየሳልኩ» ትላለች ከውስጥ። አንድ ቀን ማር ይዞ መጣ፤ ለሜዳ ሰው ማቀበል ክልክል መሆኑን ገሠሠ በአክብሮት አስታወሰው። ማሩን ይዞ ተመለሰ። ከዚያም አንድ ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ሲል የመለሰለት የለም።

የሜዳ ሰዎች መጡ። ከሳላቸው ቃና የተነሣ የወጡ፣ በሸንጎ የተከራከሩ፣ ያዘኑ፣ የጠየቁ፣ ሁሉም መጡ። ቃሬዛ ሠሩ። የሚቀብሯት ጥግ ላይ ነው፣ ሜዳው ዳር፤ ዋርካውማ ገመድ ውስጥ ነው። በዚያ አገር ወግ የሟች ባል በራስጌ በኩል የቃሬዛውን ቀኝ እንጨት፣ ወጋግራውን፣ ይይዛል፤ እሱ ሳይዝ ሬሳ አይነሣም። ስለዚህ ቃሬዛውን ገመዱ ዳር አምጥተው አሳረፉትና ጠበቁት። ማንም ና አላለውም፣ ማንም ሂድ አላለውም።

ደምለው ገመዱ ጋ ቆመ። ርቀቱ አንድ እርምጃ ነው። ገሠሠ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«እግርዎን ካነሡ መመለስ የለም፣ ጌታዬ። ሸንጎው ተሰብስቦ እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

«ገመዱን ትንሽ… እስከ ቃሬዛው ድረስ ብቻ… አንድ ክንድ ብናስጠጋው?» አለ ደምለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከገመድ ቀን በኋላ ገመድ አይነካም። እርስዎ ያወጡት ነው እኮ፣ ጌታዬ።»

ፀሐይዋ ከረረች። የተሸካሚዎቹ ላብ ይንጠባጠባል፣ ግን ወጋግራውን ባዶ ትተው ቆመዋል። ደምለው ጋቢውን ከላዩ ገፈፈና ገመዱን አሻግሮ ዘረጋው። «ይህን እንኳ አልብሷት» አለ። ዘርትሁን ቀረብ ብላ አየችው፤ አልተቀበለችውም።

«ለብሳለች፣ ጋሼ ደምለው» አለችው።

ከዚያም ሄዳ በራስጌ በኩል ቀኙን ወጋግራ ራሷ ያዘች፤ ሴት ሆና፣ ወግ ሰብራ። ቃሬዛው ተነሣ። ሙሾው እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ደምለው ጋቢውን እንደያዘ ወደ ሸንጎ ሄደ፤ ሸንጎውም ስለ ጽናቱ ተነሥቶ ተቀበለው፣ በአንድ ድምፅም የዕድሜ ልክ ራስ አደረገው።

ሲመሽ ወደ ቤቱ ገባ። ባል በሚስቱ ሞት የሚያደርገውን አደረገ፤ ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፈ፣ ደጁ ላይ አግዳሚ አወጣ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ተቀመጠ። በማግስቱም እንዲሁ ተቀመጠ። ገመድተኞቹ በደጁ ሲያልፉ ቆብ እያወለቁ እጅ ነሱት፤ ስለ ጉድጓዱ አወሩት፣ ስለ ገብሱ ጠየቁት፣ «ሹመት ያዳብር!» አሉት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። ሟቿ የሜዳ ሰው ነቻ! ለሜዳ ሰው ለቅሶ አይደረስም። ሰልስቱም ወጣ፣ ሳምንቱም ሆነ፤ የሸንጎው ራስ በሩን ከፍቶ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ አንድ ሰው መጥቶ «እግዜር ያጥናህ» እንዲለው ጠበቀ።